የት ለቀቀ? በአርማታ ላይ ስለሚለጠፍ ፋይበር ያሉን የተሳሳቱ አመለካከቶች

እንጅባራን ቆሰበር እያልን ላደግን ሰዎች ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ማየት ብርቅ አይደለም። ሠሪው ቢላዋውን ከግንዱ አናት ላይ ያሳርፍና በእንጨት መታ ያደርገዋል፤ ግንዱ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያው ግንድ የወጣውን ስንጣቂ በሁለት ጫፉ ይዘው ቢጎትቱት ግን ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘውም አይበጥሱትም። ልጅ ሆኜ ይህ ይገርመኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ምህንድስና ስማር ነው። የቀርከሃ ብርታት ከሥር እስከ ጫፍ በተዘረጉት ክሮች ውስጥ ነው፤ ክሮቹን ጎን ለጎን ያያያዛቸው ነገር ግን የክሮቹን ያህል አቅም የለውም። ክሩ ሳይበጠስ መያዣው ይለቃል።

ግንባታ ላይ «ካርቦን» ወይም «ኤፍአርፒ» የሚባለው፣ ሙሉ ስሙ በፋይበር የተጠናከረ ፖሊመር የሆነው ነገር፣ ጠባዩ ከዚሁ ከቀርከሃ ጋር ይመሳሰላል። ከካርቦን፣ ከመስታወት፣ ወይም የአዊ ጥቁር ድንጋይ ዘመድ ከሆነው ባዛልት የተዘጋጁ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች በኢፖክሲ ተነክረው ይጠነክራሉ። ጨርቁ ወይም ቀጭኑ ጥብጣብ በደከመ ቢም ወይም ሶሌታ ሆድ ላይ ይለጠፍና በውስጥ ያለውን ፌሮ ያግዘዋል። ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ሌላ መያዣ ይጨመራል፤ ጨርቁን ከአርማታው ጋር ያጣበቀው። ስለ ጨርቁ ብዙ ይወራል። ስለዚህ መያዣ የሚወራው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም አብዛኛው ስህተት ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጂ ፕላስ ዋን ሠርቶ ሁለት ፎቅ መጨመር የሚፈልግ ባለንብረት ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየኛል። በቪዲዮው ጥቁር ጨርቅ እንደ ግድግዳ ወረቀት በሮለር እየተዳመጠ ይለጠፋል፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። «ኢንጅነር፣ ይኼን ለጥፈን ወደ ላይ ብንወጣስ?» ይለኛል። የሚጠይቀው ከልቡ ነው፤ ገንዘቡንም ላቡንም ያፈሰሰበት ቤት ነው። እኔም ከልቤ መመለስ አለብኝ፤ ከዚያ ሶሌታ ሥር ልጆቹ ይተኛሉና።

«ካርቦን ከብረት ይበረታል፤ ከለጠፍነው አለቀ»

የአባባሉ ግማሽ እውነት ነው። በገበያ የሚገኙ የካርቦን ክሮች ሲሳቡ ከ3,400 ሜጋፓስካል በላይ ይችላሉ፤ ቢም ውስጥ የምንቀብረው ፌሮ ግን በ400 እና በ500 መካከል መለጠጥ ይጀምራል። በክብደትም ብረት ከካርቦኑ ውሕድ አምስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ለዚህ የታወቀው ምስክር ስዊዘርላንድ ውስጥ ሉሰርን አጠገብ ያለው የኢባኽ ድልድይ ነው። የትራፊክ መብራት ለመትከል ኮንክሪቱን ሲበሱ በውስጡ ተወጥሮ የነበረውን የብረት ገመድ ጎዱት። እ.ኤ.አ. በ1991 ድልድዩ በካርቦን ጥብጣብ ተጠገነ፤ ኤምፓ በተባለው የስዊዘርላንድ የምርምር ተቋም ኡርስ ማየርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲፈትኑት የቆዩት ዘዴ ነበር። የፈጀው ካርቦን 6.2 ኪሎ ነው፤ በብረት ቢሆን 175 ኪሎ ያስፈልግ ነበር። ስድስት ኪሎ አንድ ሠራተኛ ብብቱ ሥር ሸጉጦ መሰላል የሚወጣበት ሸክም ነው።

የቀረውን ግማሽ የሚያፈርሰው አንድ ቀላል ስሌት ነው። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ የክሩ ውፍረት 0.167 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ንብርብር የካርቦን ጨርቅ እንውሰድ። ብቻውን ተይዞ ቢሳብ የሚበጠሰው በ29 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ ወደ 3 ቶን ማለት ነው። ያንኑ ጨርቅ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው፣ ጥንካሬው 25 ሜጋፓስካል በሆነ የኮንክሪት ብሎክ ላይ ለጥፈን በገጹ አቅጣጫ እንጎትተው። ቼን እና ቴንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ቀመር የሚሰጠን 9.4 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው፤ አንድ ቶን አይሞላም። ጨርቁ ምንም አልሆነ፣ ኢፖክሲውም ምንም አልሆነ፤ የተነሳው ከሥራቸው ያለው የኮንክሪት ስስ ቅርፊት ነው። ከገዛነው ብርታት የተጠቀምነው ሲሶውን ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ጠንቃቃ ንድፍ አውጪ ስሌቱን የሚጀምረው ጨርቁ ከሚበጠስበት ልክ አይደለም፤ ከሚላቀቅበት ልክ ነው። አንድ ሰው «የዚህ ጨርቅ ጥንካሬ ይኼን ያህል ነው» ብሎ የፋብሪካውን ወረቀት ብቻ ካሳየን ገና ስለ ቤታችን ምንም አልነገረንም።

«ካልያዘ ረዘም አድርጎ መለጠፍ ነው»

ይህ እምነት የመጣው ከፌሮ ልምዳችን ነው፤ ፌራዮ ሁሉ ያውቀዋል። ፌሮን ጠለቅ አድርጎ መቅበር ያዋጣል፤ በቂ ርዝመት ካገኘ ሳይነቀል ራሱ እስኪለጠጥ ድረስ ይይዛል። በገጽ ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ግን እንደዚያ አይሆንም። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሸክሙን የሚቀበለው ርዝመት 88 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ መዳፍ ስፋት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሜትር ብንጨምር የሚይዘው ኃይል አይጨምርም።

ቁስል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ስናነሳ የሚሆነውን ልብ እንበል። ትግሉ ያለው ጫፉ ላይ ባለችው ጥቂት ክፍል ነው፤ እሷ ስትለቅ ቀጣይዋ ትረከባለች፣ እሷም ስትለቅ ቀጣይዋ። ረዥም አድርጎ መለጠፍ ጥቅም አልባ ነው ማለቴ ግን አይደለም። መላቀቁ ከጀመረ በኋላ የሚጓዝበት መንገድ ስለሚረዝም ጊዜ ይሰጣል፤ ድምፅም ስንጥቅም ያሳያል። አቅም ለመጨመር ግን የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ነው። ጫፉን በዩ ቅርጽ በሚታጠፍ ጨርቅ አቅፎ መያዝ፣ ወይም ከክሩ ራሱ በተሠራ መልሕቅ ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ መቆለፍ።

«ፈተናው 1.9 አምጥቷል፤ አልፏል»

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የመሳብ ፈተናው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ኤኤስቲኤም ዲ7522 የተባለው መስፈርት እንደሚያዘው፣ ጨርቁ ከተለጠፈና ኢፖክሲው ከጠነከረ በኋላ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ በመቁረጫ ይቆረጣል፤ ቆረጣው ጨርቁን አልፎ ኮንክሪቱ ውስጥ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይገባል። በክቡ ላይ የብረት ወይም የአልሙኒየም ዲስክ ትጣበቃለች። እሷም ስትይዝ አንድ ትንሽ መሣሪያ ዲስኳን ጨብጦ፣ እግሮቹን ዙሪያዋ ተክሎ፣ ቀስ እያለ ቀጥታ ወደ ውጭ ይጎትታታል። ጧ ብላ ስትለቅ መሣሪያው ላይ የቆመው ቁጥር ይመዘገባል። በኤሲአይ፣ በአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት መመሪያ መሠረት፣ ማጣበቂያው ወሳኝ በሆነበት ሥራ ኮንክሪቱ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል መሳብ መቻል አለበት። በዚያች 50 ሚሊ ሜትር ዲስክ ላይ ይህ ሲሰላ 280 ኪሎ ይሆናል። ከሻይ ሲኒ ማስቀመጫ ባነሰች ክብ ላይ አምስት ተኩል የሚሆን የሃምሳ ኪሎ ስሚንቶ ከረጢት ተንጠልጥሎ አስቡት።

አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። ቁጥሩ ከ1.4 በላይ ከሆነ ፈተናው አለፈ፣ ከዚያ ካነሰ ወደቀ ይባልና ዲስኮቹ ይጣላሉ። አንድ ስሙን የማልጠራው ሥራ ላይ እንዲህ የተጣለች ዲስክ ከፍርስራሽ መሐል አንስቼ አገላበጥኳት። ሪፖርቱ ላይ 1.9 ተብሎ ተጽፎላታል። ሆዷ ግን እንደ መስታወት ያበራል። ጣቴን ሳሳርፍባት ለስላሳ ነች፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት እንኳ ይዛ አልመጣችም። ጠርዟ ላይ ብቻ ነጣ ያለ የዱቄት ጭረት አለ። ይህች ዲስክ የለቀቀችው ኢፖክሲው ከኮንክሪቱ ጋር ከተገናኘበት ገጽ ላይ ነው። በሚገባ አልተጣበቀም ነበር ማለት ነው።

መስፈርቱ ራሱ መልሱን በቁጥር ብቻ አይቀበልም። የት እንደለቀቀ ከኤ እስከ ጂ ባሉ ሰባት ፊደሎች እንዲመዘገብ ያዛል። ኤ ዲስኳ ራሷ ከጨርቁ ላይ ስትነሳ ነው፤ ይህ ስለ ሥራው ምንም አይናገርም፣ ፈተናው መደገም አለበት። ኢ እኔ ያገኘኋት ዓይነት ነች፤ በኢፖክሲና በኮንክሪት መካከል። ጂ ደግሞ ኮንክሪቱ ራሱ ሲቀደድ ነው። ጂ የሆነችን ዲስክ ስናገላብጥ ሆዷ ግራጫና ሻካራ ነው፤ የተሰበረ ጠጠር ግማሽ ፊቱን ያሳያል፣ አሸዋው ይታያል፣ ትንሽ ቁና የመሰለ ቅርጽ ትይዛለች። ሌሎቹ ፊደሎች ጨርቁ በውስጡ ሲተረተር፣ ኢፖክሲው በመሐሉ ሲቀደድ፣ ወይም ሁለት ዓይነት መላቀቅ ሲደባለቅ የሚሰጡ ናቸው።

አሁን ባለንብረቶች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ቦታ ይመጣል። ጂን ሲያዩ «ይኸው፣ ኮንክሪቱን ገንጥሎ መጣ፤ ወደቀ» ይላሉ። የምንመኘው ግን ይህንኑ ነው። ማጣበቂያው ከኮንክሪቱ በርትቷል፤ ከዚህ በላይ ልንጠይቀው የምንችለው ነገር የለም። ኢ ሆኖ 1.9 ያመጣ ሥራ ግን ዛሬ ቁጥሩ ቢያምርም፣ በገጹ ላይ አቧራ ወይም ቅባት ሊኖር እንደሚችል እየነገረን ነው። ከአንድ ሜትር ወዲያ ያለው ቦታ 0.5 ሊያመጣ ይችላል፤ እርጥበትም እንዲህ ባለው ገጽ ውስጥ በዓመታት እየሰረገ ያዳክመዋል።

ጂ ሆኖ 0.9 ቢመጣስ? ኢፖክሲው ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ደካማው ኮንክሪቱ ነው። የቱንም ያህል ውድ ማጣበቂያ ብንገዛ የተሻለ አይሆንም፤ በዚህ ቢም ላይ ጨርቅ መለጠፍ የሚሠራ መፍትሔ አይደለም። ይህን ለባለንብረቱ መንገር ከባድ ነው። ገንዘቡን ከማባከኑ በፊት መስማቱ ግን ይሻለዋል፤ ለዚህም ነው ጨርቁ ሳይገዛ በፊት ባዶው ኮንክሪት ላይ ዲስክ ለጥፎ መሳብ የሚመከረው።

ቁጥሩ ራሱም ይዋሻል። ዙሪያው በደንብ ካልተቆረጠ ጎረቤት ያለው ጨርቅ አብሮ ይጎተትና ውጤቱ ያላግባብ ያድጋል። መሣሪያው ካዘነበለ ደግሞ ዲስኳ ከአንድ ጠርዝ ተገንጥላ ውጤቱ ያላግባብ ያንሳል። አንድ ዲስክም ምስክር አይሆንም፤ ከቢሙ ጫፍም ከመሐሉም፣ ጠዋት ከተለጠፈውም ከሰዓት በኋላ ከተለጠፈውም መውሰድ ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ዲስኳ ወደ ውጭ ትሳባለች፤ ቢም ሥር ያለው ጨርቅ ግን በገጹ ላይ እንዲንሸራተት ነው የሚገፋው። ስለዚህ ከዲስኳ የተገኘውን ቁጥር ወስዶ «ይኼ ጨርቅ ይኼን ያህል ይሸከማል» ማለት አይቻልም። ያንን ለማወቅ ጨርቁን በብሎክ ላይ ለጥፎ በገጹ አቅጣጫ የሚጎትት ወይም ትንሽ ቢም አጉብጦ የሚሰብር የላቦራቶሪ ፈተና አለ። ዲስኳ የሥራ ጥራት መፈተሻ ነች፤ ያንን በሚገባ ትሠራለች።

«ልስኑ ላይ ቢለጠፍስ?»

በፍጹም። እኛ ጋ አንድ ቢም ከኮንክሪቱ በላይ ልስን አለበት፣ ከልስኑ በላይ ጅብሰም፣ ከጅብሰሙ በላይ ቀለም። ጨርቁ የሚይዘው ከመጨረሻው ልብስ ጋር ነው። ሦስቱም ተነስተው ኮንክሪቱ መታየት አለበት፤ ከታየም በኋላ ሥራው አላለቀም። ሲሞላ ከካሳፎርማው ጋር ተጣብቆ የቀረ ደካማ የስሚንቶ ቆዳ አለ። ካሳፎርማው እንዳይያዝ የተቀባው የተቃጠለ ዘይትም ገጹ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል፤ ለኢፖክሲ ከዚህ የባሰ ጠላት አላውቅም። ገጹ በግራይንደር ወይም በአሸዋ ግፊት ተፍቆ እንደ ሻካራ የአሸዋ ወረቀት እስኪሆንና የጠጠሩ ፊት ብቅ እስኪል መሄድ አለበት። ከዚያ አቧራው በአየር ወይም በመሳቢያ ይጠረጋል። ጣት አሳርፎ ነጭ ይዞ ከተነሳ ገና ነው። ያቺ ሆዷ ያበራ ዲስክ ጠርዟ ላይ የነበረው ነጭ ጭረትም ይኸው አቧራ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁ የሚታጠፍበት ጥግ ደግሞ ቢያንስ በ13 ሚሊ ሜትር ራዲየስ መዞር አለበት። ስለት የሆነ ጥግ ክሩን ይበላዋል።

«ማታ ቢዘንብም ጠዋት ፀሐይ ካገኘው ደርቋል»

ቆሰበር ደጋ ነው። ክረምቱ ረዥም፣ ጭጋጉ ወፍራም፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ኮንክሪት ሲነኩት ደረቅ ሆኖ ውስጡ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ገጹ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት መተው ነው። በማግስቱ ከፕላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ሥራው ይጠብቃል። ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ በሐምሌና በነሐሴ ፕላስቲኩን ገልጬ ሥራ የጀመርኩባቸው ጠዋቶች ጥቂት ናቸው።

ጤዛ የራሱ ሕግ አለው። የኮንክሪቱ ገጽ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚያወጣበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት፤ ካልሆነ ዓይን የማያየው ስስ የውሃ ሽፋን ገጹ ላይ ይቀመጣል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ኢፖክሲውም ይወፍራል፣ ጨርቁ ውስጥ አይሰርግም፣ ለመጠንከርም ቀናት ይወስዳል። ሁለቱን ቆርቆሮ በዓይን ግምት መደባለቅ ደግሞ ኀጢአት ነው የምለው፤ የሚለካው በሚዛን ነው። ውሃ እንደበዛበት ሙላት አይደለም፤ መጠኑ የተሳሳተ ኢፖክሲ ዓመት ቢቆይም ለዘለዓለም እንደ ማስቲካ ሊቀር ይችላል።

«በሳንቲም መታ መታ ማድረግ ኋላ ቀርነት ነው»

አይደለም። የኤሲአይ መመሪያ የሚቀበለው ዘዴ ነው። በጨርቁ ላይ በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም እየመቱ ሲሄዱ የተጣበቀው ጥብቅ ድምፅ ይሰጣል፣ አየር የያዘው ደግሞ ባዶ እንስራ የተመታ ያህል ይጮኻል። ስፋቱ ከ1,300 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ማለትም ከክብሪት ቀፎ ፊት የማይበልጥ ባዶ ቦታ፣ ብዛቱ ውስን ከሆነና ድምሩ ከጨርቁ ስፋት ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ይታለፋል። ከ16,000 ካሬ ሚሊ ሜትር የሰፋው ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና ይለጠፋል።

«ኮለንም ቢምም ያው ነው»

መቀነት ወገብ ላይ በኮላ አይጣበቅም። ዙሪያውን ስለሚያቅፍ ይይዛል፤ ወሳኙ ነገር ጫፉ በራሱ ላይ መታሰሩ ነው። በኮለን ዙሪያ የሚጠመጠም ጨርቅም እንዲሁ ነው። ኮንክሪቱ ሲጨመቅ ወደ ጎን ሊያብጥ ይሞክራል፣ ጨርቁ ያቅበዋል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ጨርቁ ከኮንክሪቱ ጋር በቅርበት መገጣጠሙና ጫፉ በራሱ ላይ በበቂ ርዝመት መደረቡ ነው። ባለሙያዎች የቢሙን ዓይነት ማጣበቅ የወሰነው፣ የኮለኑን ዓይነት ደግሞ መገጣጠም የወሰነው ሥራ ብለው ይለዩዋቸዋል። የ1.4 ሜጋፓስካል ገደብም የተጻፈው ለመጀመሪያው ነው። ክብ ኮለን ከአራት ማዕዘኑ በበለጠ ከዚህ እንደሚጠቀም ግን መታወቅ አለበት፤ ጠፍጣፋው ጎን ላይ ጨርቁ ብዙም አያቅፍም።

«ከለበስነው ዝገቱ ይቆማል፤ እሳትም አይነካውም»

በዝገት ያበጠ ፌሮ ከላዩ ያለውን ኮንክሪት ከውስጥ እየገፋ ይፈለፍለዋል። በዚያ ላይ ጨርቅ መለጠፍ የሚነቃነቅ ጥርስን በቀለም መቀባት ነው። መጀመሪያ የዛገው ይጸዳል፣ የተፈረከሰው ይነሳል፣ በጥገና ሙላት ይተካል። በዚያ ላይ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ብረትን በቀጥታ ከነካ የብረቱን መዛግ ያፋጥናል።

እሳትን በተመለከተ፣ ክሩ ሙቀት ይችላል፤ በሥራ ቦታ የሚጠነክር የተለመደ ኢፖክሲ ግን ከ60 እስከ 82 ዲግሪ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል። የፈላ ውሃ ሙቀት እንኳ አይደርስም። የእሳት ቃጠሎ በጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ መያዣው እንደሌለ መቁጠር ይገባል። ስለዚህ መመሪያው አንድ ጥብቅ ነገር ያስቀምጣል። ጨርቁ ጨርሶ ባይኖር፣ ነባሩ ቤት ራሱ ብቻውን የቋሚውን ጭነት 1.1 እጥፍና የተንቀሳቃሹን ጭነት 0.75 እጥፍ መሸከም አለበት፤ ይህ ጭነት የሚቆጠረውም ከተጨመረው ፎቅ ጋር ነው። ለባለንብረቱ የምሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ካርቦን የጎደለን ያሟላል፤ ያልነበረን ቤት ግን አይሠራም።

«የራሳችን ቀርከሃ እያለ ካርቦን ምን ያደርግልናል?»

ይህን የጠየቁኝ አንድ አዛውንት ቀርከሃ ሠሪ ናቸው፤ ጥያቄው ልቤን ነክቶታል። «ልጄ፣ ይኼ የኛ እንጨት ከብረት ምን ያንሰዋል? አርማታው ውስጥ ብትቀብሩት ምናለ?» አሉኝ። «አባባ፣ በመሳብ ብዙም አያንስም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። ጥሩ ቀርከሃ በክሮቹ አቅጣጫ ከ100 ሜጋፓስካል በላይ ይችላል። ነገር ግን ግትርነቱ ከብረት አንድ አሥረኛ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ቢሙ ሳይሰበር ገና ይጎብጣል፣ በሰፊው ይሰነጠቃል።

የመያዣው ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ደረቅ ቀርከሃ ከእርጥብ ሙላት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አንዳንዴ ዙሪያውን ይሰነጥቀዋል። ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ቀርከሃው ውሃውን ተፍቶ ይጨማደዳል፤ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። በዚያ ላይ ሰም የመሰለው ልጡ ለስሚንቶ አይመችም። በአሜሪካ ክሌምሰን የሚሠራ ግሌን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጥናት ላይም ይህ ማበጥና መጨማደድ ተደጋግሞ የተነሳ ችግር ነው። ልጡን ፍቆ፣ ሬንጅ ወይም ኢፖክሲ ቀብቶ፣ አሸዋ ነስንሶ መቅበር ያሻሽለዋል። ምን ያህል? የሚመልሰው የመንቀል ፈተና ነው። ለፋይበር ዘንግ ኤኤስቲኤም ዲ7913 የሚባለው መስፈርት እንደሚያዘው ዘንጉ በኮንክሪት ኪዩብ ውስጥ ይቀበራል፣ ከአንድ ወገን ይጎተታል፣ ከሌላው ወገን ምን ያህል እንደተንሸራተተ ይለካል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። የአዊን ቀርከሃ ግማሹን በልጡ፣ ግማሹን ቀብቶና አሸዋ ነስንሶ መቅበር፣ አንዳንዱን በ28 ቀን፣ አንዳንዱን ከሁለት ክረምት በኋላ መንቀል ለአንድ የመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ሥራ ነው። ውጤቱን ለአባባ ይዤላቸው ብሄድ ደስ ይለኛል።

«ደረጃው እንደሚያዘው ሥራ ብለን ውል ከጻፍን በቂ ነው»

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የኢትዮጵያ የግንባታ ደረጃዎች ከዩሮኮድ የተወሰዱ ናቸው፤ በጊዜው የነበረው ዩሮኮድ 2 ጨርቅ ለጥፎ ስለማጠናከር ምዕራፍ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አዲሱ ግን በካርቦን ማጠናከርን በአባሪ ጄ፣ በኮንክሪት ውስጥ የሚቀበር የፋይበር ዘንግን በአባሪ አር አካቷል። ስለዚህ እኛ ዘንድ «እንደ ደረጃው» የሚለው ቃል በዚህ ሥራ ላይ ባዶ ነው፤ ውሉ ራሱ መናገር አለበት። እኔ የማስጽፈው ይህን ነው፦ የትኛው መመሪያ እንደሚሠራበት ስሙ ይጠቀስ፤ ጨርቁ ከመገዛቱ በፊት ባዶው ኮንክሪት ይፈተን፤ ገጹ ከተፋቀ በኋላና ጨርቁ ከመለጠፉ በፊት ተቆጣጣሪው አይቶ ይፈርም፤ ውጤት ሲመዘገብ ከቁጥሩ ጎን የመላቀቂያው ፊደል ይጻፍ፤ የእያንዳንዷ ዲስክ ሆድ ፎቶ ይነሳ። ዲስኮቹም በማርከር ቁጥር ተጽፎባቸው፣ የተወሰዱበት ቢም ተለይቶ፣ በከረጢት ለባለንብረቱ ይሰጡ።